ችክችካ የማያውቀው ማሽን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጊታሪስት ትልቅ አምፕሊፋየር አያምረውም። ሊፍት የለማ! የፌንደር ትዊን ሪቨርብ 29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የሮላንዱ ጄሲ 120ም ከዚያ ብዙ አይቀልም። ይዞ መውረዱ ይቻላል እንበል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሰርግ ተመልሶ ይዞ መውጣቱስ? በዚያ ላይ ከዋናው አስፋልት እስከ ብሎካችን የሚያደርሰን ባጃጅ ነው። አምፕሊፋየር፣ ጊታርና እኔ አንድ ባጃጅ ውስጥ የምንገባበት ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ የምጫወተው በፕሮሰሰር ነው። እግር ሥር የሚቀመጥ አንድ ሳጥን። ውስጡ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር)፣ ዲሌይ (እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም)፣ ሪቨርብ (የሰፊ አዳራሽ ስሜት የሚሰጥ)፣ ኮረስ (ድምፁን የሚያሰፋ)፣ ዋዋ፣ ቱነር (ክር መቃኛ)፣ የአምፕሊፋየርና የስፒከር አስመሳይ ሳይቀር አለ። ከጀርባው የሚወጣው ገመድ በቀጥታ ሚክሰር ይገባል፣ ድምፁ በሞንታርቦ ይወጣል። ከጃኬቴ ጋር አንድ ቦርሳ ይበቃዋል።

በሥራ ቀን ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ከባንዳችን ጋር ሰርግ ነው፣ ምርቃት ነው፣ የሆቴል ምሽት ነው። ግዛታችን ከአቃቂ እስከ ዱከም ነው፤ ሲቀናን ቢሾፍቱ። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሥራው ይደራረባል። ሁዳዴ ላይ ሰርግ ስለሌለ ማሽኑን የምጎረጉረው ያኔ ነው፤ በሄድፎን፣ ጎረቤት ሳልረብሽ። ሰሞኑን ፕሮሰሰር የገዙ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ቤት ውስጥ እሳት የነበረው ድምፅ መድረክ ላይ ለምን ይጠፋል?»

ለምን መሰላችሁ? ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ድምፆች ያዘጋጀው ሰው የገላንን አዳራሽ አላየውም። መብራታችንን አያውቀውም። ችክችካም ሰምቶ አያውቅም። ቀሪው ሥራ የኛ ነው።

ከድምፅ መጠን ልጀምር። ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ጭኖ የሚልካቸው ፕሪሴቶች (የተዘጋጁ ድምፆች)፣ በኔ ግምት፣ ሱቅ ውስጥ የሚሞክረውን ሰው ከኪሱ እንዲያወጣ ለማድረግ የተሠሩ ናቸው። ሪቨርቡ ብዙ ነው፣ ዲሌዩ ብዙ ነው፣ ዲስቶርሽኑ ይንበለበላል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ክፍሉን ይሞላዋል። ባንድ ውስጥ ግን ክፍሉ ቀድሞ ተሞልቷል። ኪቦርዱ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ቤዙ አለ፣ ዘፋኟ አለች።

ጆሯችንም የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ይህን ለክተው አሳይተዋል። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል፤ የመካከለኛውን ያህል አይደርሰውም። ከፍ ሲል ልዩነቱ ይጠባል። እንግዲህ ማታ መኝታ ቤት ቁጭ ብሎ በቀስታ ድምፅ የሚያስተካክል ልጅ ቤዙ ያንሰዋል፣ ይጨምራል። ትሬብሉ ያንሰዋል፣ ይጨምራል። ሚዱን ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሚድ ብቻውን ሲሰማ አያምርም። ያንኑ ድምፅ ቅዳሜ አዳራሽ ወስዶ ሲከፍተው ቤዙ ይጎርፋል፣ ትሬብሉ ጆሮ ይበሳል፣ ጊታሩ የሚኖርበት መሃሉ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ኪቦርዱ ይወርሰዋል። የኛ ሳውንድማን በአንድ ወቅት ስለ አንድ ተተኪ ጊታሪስት «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ይጮሃል እንጂ አይሰማም» ያለኝ ይህንኑ ነው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

የኔ አሠራር ቀላል ነው። ከ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) በታች ያለውን እቆርጣለሁ። የጊታር ወፍራሟ ክር ክፍት ስትመታ 82 ኸርዝ አካባቢ ናት፣ ስለዚህ ከሷ ትንሽ ይነካል። ይነካ። እዚያ ቦታ ቤዝ ጊታሩና የእግር ድራሙ ይበቃሉ። ከላይ ደግሞ 5 ወይም 6 ኪሎኸርዝ ላይ እዘጋለሁ። ቤት ውስጥ ስሰማው የታፈነና የደረቀ ይመስላል። አዳራሽ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ኖታ ይለያል።

ይህን ለእያንዳንዱ ፕሪሴት መሥራት ካሰለቻችሁ ግሎባል ኢኪው የሚባለውን (የቤዝና የትሬብል ማስተካከያ) ፈልጉ። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ አለ። እሱን ስትነኩ ሁሉም ፕሪሴት አብሮ ይለወጣል። አዳራሹ ሴራሚክና መስታወት ከሆነ እዚያ ላይ ትሬብል እቀንሳለሁ። ድንኳን ከሆነ እመልሳለሁ፣ ድንኳን ድምፅ ይውጣል። ኪቦርዲስታችን ገመዱን ሲፈታ እኔ ጨርሻለሁ።

ስለ ስፒከር አስመሳይ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ሳውንድማኖች ይቀየሙኛል። የጊታር አምፕሊፋየር 12 ኢንች ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም። የዲስቶርሽንን እሾህ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ሞንታርቦ ግን ትዊተር አለው፣ ያገኘውን ሁሉ ያወጣል። አስመሳዩን አጥፍታችሁ በቀጥታ ሚክሰር ከገባችሁ ዲስቶርሽናችሁ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ። ሆቴሉ የራሱ የጊታር አምፕሊፋየር ካለውና ከፊት ከሰካችሁበት አስመሳዩን አጥፉት። አለበለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይታፈናል። ማሽኑ ውስጥ «ወደ ምን ነው የተሰካሁት?» የሚል ዓይነት ምርጫ አለ፣ አምፕሊፋየር ወይም ላይን። መድረክ እንደደረስኩ ከቱነር ቀጥሎ የማየው እሱን ነው።

ስቴሪዮን እርሱት። በሄድፎን ከቀኝ ወደ ግራ የሚዘለው ዲሌይ ደስ ይላል። እኛ የምንሠራባቸው ቦታዎች ግን ሁለቱም ሞንታርቦ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። በሞኖ ሲደባለቅ ሰፊ የነበረው ኮረስ እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ ይሳሳል። ከጀርባው ግራ ወይም ሞኖ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ አንድ ገመድ ብቻ ስኩና ቤትም በሞኖ ተለማመዱ።

አሁን ወደ እንጀራዬ ልምጣ። ኤሌክትሪክ።

እኛ አካባቢ አዳራሽ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው የጣሪያው ጌጥ ነው፣ ኧርዙ መጨረሻ። አንዳንዱ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስተኛው ግን የትም አልታሰረም። ጊታር ይዛችሁ ማይክ ስትጠጉ ከንፈራችሁን ነዝሮት ያውቃል? የእናንተ ማሽን ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሌላ መስመር ሲሆንና ኧርዛቸው እኩል ሳይሆን ሲቀር፣ በመካከል ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ሃም የሚባለው እምምታም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመጣል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጆሮ የለመደ ሰው እምምታውን ሲሰማ 50 ወይም እጥፉ 100 መሆኑን ያውቃል።

አንዳንድ ልጅ እምምታውን ለማጥፋት የሶኬቱን የኧርዝ እግር ይቆርጣል። ይህን ያየሁ ቀን እቆጣለሁ፣ ባንዱ ውስጥ የምቆጣው በዚህ ብቻ ነው። ያ እግር የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው። ሌላ መንገድ ሞልቷል። አንደኛ፣ መድረክ ላይ ያለውን ሁሉ ሚክሰሩ በተሰካበት መስመር ላይ ስኩ። የዲስኮ መብራቱ ከሌላ ፌዝ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ብዙ ፕሮሰሰር ወይም ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከሚክሰር የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ግራውንድ ሊፍት የምትባል ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷ የምትለየው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ነው፣ የመብራቱን ኧርዝ አትነካም። ሦስተኛ፣ ባትሪ። እንደ ቦስ ጂቲ 1 እና ዙም ጂ1 ኤክስ ፎር ያሉት ትንንሾቹ በአራት ድንጋይ ይሠራሉ። ከመብራቱ ጋር ጭራሽ ሳይገናኙ ማምሸት ይችላሉ። ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቀው ማሽን ዱከም ላይ መብራት ሲሄድ ንጉሥ ነው።

መብራት ሲሄድ ትልቁ ፕሮሰሰር እንደ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ይነሳል። ጄኔሬተሩ ተነስቶ፣ ድራመሩ «አንድ ሁለት» ብሎ ሲጀምር የእናንተ ማሽን ገና አርማውን እያሳየ ነው። ለዚህ የገዛሁት የቢሮ ኮምፒውተር ዩፒኤስ ነው፣ አሮጌ፣ ባትሪውን የቀየርኩለት። ከኪቦርዱ ኋላ እናስቀምጠዋለን፣ ኪቦርዱም ፕሮሰሰሩም ከሱ ይወስዳሉ። ሞንታርቦው ለጊዜው ዝም ይላል። መብራት ሲመለስ ግን ሁለታችንም ካቆምንበት እንቀጥላለን። ዩፒኤሱ ጪጭ ሲል ታዳሚው የዘፈኑ አካል ይመስለዋል።

አዳፕተርን በሚመለከት፣ አብዛኛው የጊታር ኢፌክት 9 ቮልት ሆኖ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ሌላው የቤት ዕቃ አዳፕተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። መርካቶ ሄዳችሁ «9 ቮልት ስጠኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። አምፔሩንም እዩ። የላይን 6 ኤችኤክስ ስቶምፕ ለምሳሌ 3 አምፔር የሚሰጥ ይፈልጋል፣ ተራ የፔዳል አዳፕተር አያንቀሳቅሰውም።

አሁን ልቤ ወደሚወደው።

አብዛኞቹ ማሽኖች ታፕ ቴምፖ አላቸው። በእግራችሁ ፍጥነቱን ትመታላችሁ፣ ዲሌዩ ይከተላል። ይከተላል የሚባለው ግን ዘፈኑ 4/4 ሲሆን ነው። ችክችካ 6/8 ነው። በአንዱ የእግር ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። ማሽኑ ግን የእግራችሁን ምት ኳርተር ኖት አድርጎ ይቆጥረውና ለሁለትና ለአራት ይከፋፍለዋል።

በቁጥር እንየው። የእግር ምቱ በደቂቃ 120 ነው እንበል። ከምት እስከ ምት 500 ሚሊሰከንድ አለ። ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ትንሽ ምት 167 ገደማ ነው። ስለዚህ የዲሌዩ ድምፅ 167፣ 333 ወይም 500 ላይ ከወደቀ ከከበሮው ጋር ይሄዳል። ፕሪሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ዶትድ ኤይት ነው፣ የምቱ ሦስት አራተኛ። ያ ማለት 375። ከ333ቱ በ42 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። 42 ሚሊሰከንድ ጥቂት ይመስላል፤ ድራመሩ ግን ይሰማዋል። እስክስታ የሚመታው ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ትከሻው ያቅማማል። ባንዱም «ጊታሩ ይጎትታል» ይላል፣ ጊታሪስቱ እጁ ላይ ምንም ሳያጠፋ።

መፍትሔው ሜኑው ውስጥ ነው። ትሪፕሌት ማለት ለሦስት የሚከፍል ነው፤ ኳርተር ትሪፕሌት ምረጡ፣ 333 ላይ ይወድቃል። ኤይት ትሪፕሌት ከመረጣችሁ 167። ማሽናችሁ ትሪፕሌት ከሌለው በሚሊሰከንድ በእጅ ጻፉ፦ 60,000ን በእግር ምቱ ፍጥነት አካፍሉ፣ የመጣውን ለሦስት። ዶትዱን ለሬጌና ለ4/4 ለስላሳ ዘፈኖች ተዉለት፣ እዚያ ያምራል።

167ቷን በተለይ እወዳታለሁ። ድግግሞሹን አንድ ብቻ አድርጉት፣ ድምፁ ከመጀመሪያው ኖታ ትንሽ ዝቅ ይበል። ኮምፕረሰር (ጠንካራውንና ደካማውን ምት የሚያቀራርብ) ከፊቱ አብሩ። የብሪጅ ፒክአፕ (ክሩ ከሚታሰርበት አጠገብ ያለውን ድምፅ ተቀባይ) ምረጡ፣ በቀኝ መዳፍ ክሩን በትንሹ አፍኑት። አንድ ስትመቱ ሁለት ይሰማል፣ ሁለተኛው ልክ ችክችካው ላይ። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ክራር የያዘ ሰው መድረክ ላይ የወጣ ይመስላል። አንድ ጊዜ ገላን ላይ የሙሽራው አጎት መድረኩ ድረስ መጥተው «ክራሩ የታለ?» ብለውኛል። ጊታሩን ሳሳያቸው አላመኑኝም፤ ከኪቦርዱ ኋላ ሄደው አዩ። ያገኙት ዩፒኤሱን ነው።

አንድ ችግር አለ። ሙሽሮች ሲገቡ ድራመሩ ይፈጥናል። ሁልጊዜ ነው፣ ልንከለክለው አንችልም። ያኔ ረጅሙ ዲሌይ ይፋለሳል። በጭፈራው መሃል ታፕ መምታት ካልቻላችሁ ድግግሞሹን ቀንሱት ወይም ዲሌዩን ጨርሶ አጥፉት። ማንም አይጠይቃችሁም።

ልጆች ስለ ሌቴንሲ አብዝተው ሲጨነቁ ስሰማ የሚገርመኝም በዚህ ነው። ማሽኑ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ እስኪመልስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ እውነት ነው። ድምፅ ግን በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። በዚያ የተማረረ ጊታሪስት አላውቅም። የዲሌዩ 42 ከዚያ ይብሳል፣ ስለሱ ግን ማንም አያወራም።

ቀጥሎ ሃርሞናይዘር። አንድ ኖታ ስትጫወቱ ሌላ ኖታ ከላይ ይጨምርላችኋል። የዘፈኑን ቁልፍ ነግራችሁት «ሦስተኛ ጨምር» ስትሉት በሜጀር ስኬል ውስጥ ከተጫወታችሁት ኖታ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስተኛውን ይፈልጋል። ለሮክ ግሩም ነው። ትዝታ ላይ አምጡትና ጉዱን እዩ።

ሜጀር ትዝታ ከሲ (C) ኖታ ሲጀመር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ማሽኑ ከሲ ላይ ኢን ይሰጣችኋል፣ ጥሩ። ከኢ ላይ ጂን፣ ጥሩ። ከኤ ላይ ሲን፣ ጥሩ። ከዲ ላይ ግን ኤፍ ያመጣል። ከጂ ላይ ቢ። ኤፍም ቢም ትዝታ ውስጥ የሉም። ዘፋኟ ዞር ብላ ታያችኋለች። አንቺሆዬ ላይማ አይሞከርም። በሲ ብንጀምር ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው። ማሽኑ ከሚያውቃቸው ሜጀርና ማይነሮች አንዱም እንደዚህ አይሄድም።

አንዳንዶቹ ማሽኖች ላይ ራሳችሁ የምትሞሉት ስኬል አለ፤ ለእያንዳንዱ ኖታ ምን እንደሚጨመር ትነግሩታላችሁ። ለትዝታ ስትሞሉት ከቅኝቱ አንድ ኖታ እየዘለላችሁ ሂዱ። ለሲ ኢ፣ ለዲ ጂ፣ ለኢ ኤ፣ ለጂ ሲ፣ ለኤ ዲ። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከሲ በስተቀር ሁሉም አራተኛ ናቸው። ስለዚህ ያ ስኬል የሌለው ርካሽ ማሽን ያለው ሰውም አይቀርበትም። ፒች ሺፍተሩን (ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) በአምስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ወደ ላይ ማለትም በአራተኛ ቆልፎ ያስቀምጠው። ከአምስቱ ኖታ አራቱ ልክ ይገባሉ። የሚበላሸው መነሻው ኖታ ላይ ብቻ ነው። ሐረጉ መነሻው ላይ ሲያርፍ እግራችሁን አንስታችሁ ኢፌክቱን ማጥፋት ነው፣ በአንድ ድምፅ ማረፉ እንዲያውም ያምራል።

የዚህ ዘዴ ሌላ ጥቅሙ ቁልፍ አለመፈለጉ ነው። የኛ ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥታ ነው «ዛሬ ድምፄ ደክሟል፣ ግማሽ አውርዱልኝ» የምትለው። ብልሁ ሃርሞናይዘር ያኔ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፍ እንድትቀይሩለት ይጠብቃል። ሞኙ አራተኛ ግን የትም ብትወስዱት አራተኛ ነው።

ትዝታ ካነሳን ኖይዝ ጌት። ክሩን ሳትመቱ የሚመጣውን ሹሹታ የሚዘጋ በር ነው፣ ከፍ ያለ ዲስቶርሽን ላይ ያስፈልጋል። ፋብሪካው አጥብቆ ነው የሚዘጋው። ትዝታ ላይ ግን አንዷን ኖታ ስባችሁ፣ አንቀጥቅጣችሁ፣ እስክትሞት የምትጠብቁበት ቦታ አለ። ጌቱ ሳትሞት አንገቷን ይቆርጣታል። ለዘገምተኛ ዘፈኖች አጥፉት። ሹሹታው ይሰማ። የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር ከካሴት የተማርን ሰዎች ከሹሹታ ጋር ነው ያደግነው።

ማሽኔ ላይ ብዙ ፕሪሴት ቢኖርም መድረክ ላይ የምጠቀመው አራት ድምፅ ነው። ንጹሕ ሪትም ከትንሽ ኮምፕረሰር ጋር። የክራሯ ድምፅ። ለሶሎ ለስላሳ ዲስቶርሽን ከ333 ጋር። አራተኛው ዋዋ ነው፣ ለድሮ ዘፈኖች፣ አባቶች ሲነሱ የሚፈለግ። አራቱም እግሬ ሥር በአንድ ረድፍ ናቸው፤ ሜኑ ውስጥ የምገባበት ምክንያት የለም። የአራቱም መጠን እኩል ነው፣ ያስተካከልኩትም በሄድፎን ሳይሆን ሞንታርቦው ተከፍቶ ነው። ከንጹሑ ወደ ዲስቶርሽኑ ስሄድ ድምፁ ከዘለለ ሳውንድማኑ ጊታሬን ይቀንሰዋል፣ ከዚያ ምሽቱን ሁሉ አይመልሰውም። ሳውንድማን ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አይታወቅም።

ለሶሎ ግን መውጣት አለብኝ። ለዚህ 3 ወይም 4 ዴሲቤል የሚጨምር ቡስት አለኝ፣ የተቀመጠውም ከዲስቶርሽኑና ከአምፕ አስመሳዩ በኋላ ነው። ከፊቱ ብታስቀምጡት ዲስቶርሽኑ ይበዛል እንጂ ድምፁ እምብዛም አይጨምርም። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ሶሎ «ጠነከረ» እንጂ «ወጣ» የማይባለው።

ያገለገለ የምትገዙ ካላችሁ፣ ብዙዎቻችን ሰው ከውጭ ሲመጣ ወይም ከእጅ ወደ እጅ ነው የምንገዛው፣ ሻጩ ፊት ይህን ሞክሩ። እያንዳንዱን የእግር ማብሪያ ደጋግማችሁ ርገጡ። አንድ ስትረግጡት ሁለት የሚቆጥር ካለ ውስጡ አልቋል፤ መጠገን ይቻላል፣ ዋጋ አስቀንሱበት። የዋዋውን ፔዳል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ውሰዱትና ስክሪኑ ላይ ከ0 እስከ 100 መድረሱን እዩ። ካልደረሰ ካሊብሬሽን ሊሆን ይችላል፣ በሜኑ ይስተካከላል። የጃክ ቀዳዳዎቹን በጣት ነቅነቅ አድርጉ። የመጀመሪያው አዳፕተሩ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ከዚያ ፕሪሴቶቹን ሳትሰሙ በቀጥታ ታፕ ቴምፖ ውስጥ ግቡና ትሪፕሌት መኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ ግራ ይገባዋል። ግድ የለም፣ «ሰርግ ነው የምሠራው» በሉት።